የመንጋጋው ሳጥን

ሰው በደግነቱ የሚያጠፋውን ያህል በክፋቱ አያጠፋም። ክፉውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ይጠነቀቁታል፤ በር ይዘጉበታል። ደግ ግን የቤቱ ቁልፍ በእጁ ነው። ኢርማ ሃልቮርሰን ደግ ሴት ነበረች። ይህን የማይመሰክር ጎረቤት አልነበራትም፤ ያቃጠላትም በኋላ ይኸው ምስክርነት ነው።

ባሏ ኦርቪል ዕድሜውን የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ጡረታ ወጣ። በዚያ በኦሪገን ባሕር ዳርቻ ጡረታ የወጣ ወንድ ወይ ዓሣ ያጠምዳል፣ ወይ ሚስቱን ያደርቃል። ኦርቪል ግን ሳጥን መደበቅ ጀመረ። ጨዋታውን ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንዱ ሳጥን ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል። ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ደብተር ይፈርማል፣ አንዲት ትንሽ ነገር ወስዶ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሳጥኑን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። ወርቅ የለው፣ ሽልማት የለው። ቢሆንም ስንቱ ሽማግሌ በዝናብ ቁጥቋጦ ሥር ሲርመጠመጥ ይውላል።

ፈላጊ እንደ ልቡ ነው፤ ደባቂ ግን ኃላፊነት አለበት። ሳጥኑ መኖሩን እየሄደ ያያል። ከጠፋ በገዛ እጁ ሌላ ይተካል። ሳይተካ የሚያድር ደባቂ በፈላጊዎቹ ዘንድ ሰው አይባልም፤ ኦርቪል ደግሞ ሰው መባል የሚወድ ሰው ነበር።

ከሳጥኖቹ ሁሉ የሚኮራበት ሄሮን ፖይንት የሚባለው ፓርክ ውስጥ፣ ከገደሉ በታች የነበረው ነው። እዚያ ከባሕሩ አፍ የበቀለ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ የአገሩ ሰው መንጋጋ ይለዋል። ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በእግር ይደረስበታል፤ ሲሞላ ዙሪያውን ውሃ ይውጠውና ደሴት ይሆናል። ኦርቪል በጀርባው በኩል፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ ባዞረ ከፍ ያለ ጉድጓድ ውስጥ፣ አረንጓዴ ቀለም የቀባውን የወታደር ጥይት ሳጥን በሽቦ አሰረው። አስተሳሰሩ ከምሰሶ ላይ ያመጣው የራሱ ጥምዝ ነበር። ከእሱ በቀር እንደዚያ የሚያስር አልነበረም።

ውሻው ጉስም የጨዋታው ባለድርሻ ነበር። ኦርቪል በየሳጥኑ ውስጥ ክዳን ባላት ትንሽ ብልቃጥ የውሻ ብስኩት ያስቀምጣል። «ለሰው መጫወቻ ካለ፣ ለውሻ ብስኩት መከልከል ምን ዓይነት ስስት ነው?» ይላል። ጉስ ጉድጓዱ ሥር ሲደርስ ማንም ሳያዘው ቁጭ ይላል። ድርሻውን በልቶ አፉን ይልስና አብረው ይመለሳሉ። ኦርቪል ገና በሩን ሳያልፍ ይጮኻል፦

«አለ! በቦታው ነው!»

«የት ሊሄድ ኖሯል? እግር አለው?» ትለዋለች ኢርማ ከጓዳ።

ይህን ስንት ዓመት ተባባሉት። ከዚያ መርሳት መጣ።

መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ ምድጃውን መዝጋት፤ ቀጥሎ የመጡበትን መንገድ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲነግራቸው ኦርቪል ቀና ብሎ «ይህንንም እረሳዋለሁ» ብሎ ቀለደ። ኢርማ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መንጋጋን። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷም ገና ሳይደርስ እየቀደመች ስትፈራው አደረች። አንድ ጊዜ ደፍራ «ከእንግዲህ ወደዚያ ድንጋይ ባትወርድ ምናለበት» ብትለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው ጠረጴዛውን መታ።

«ሳጥኔን ታዲያ ማን ሊያየው ነው? አንቺ?»

አንድ ጠዋት እሱ ተኝቶ ሳለ፣ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት፣ ኢርማ ጉስን አስከትላ ወረደች። ሽቦውን በመቁረጫ ቆረጠች፣ ሳጥኑን አቅፋ የገደሉን ደረጃ ወጣች፣ ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ ገባ ብሎ የበሰበሰ የጥድ ጉቶ ሥር አኖረችው። ብስኩቱን ጣለችው፤ ጫካው በራኩን የተሞላ ነው፤ ያ ሌባ አውሬ ከሸተተው ሳጥኑን አያስተርፍም። ከዚያ በባሏ ስም ገብታ ኢንተርኔቱ ላይ የቦታውን ቁጥር ለወጠች። ከወራት በኋላ ልቧ ያን ሌሊት እንቅልፍ አገኘ።

ቅዳሜ ሲሆን ወደ ጉቶው ወሰደችው። ኦርቪል ቆሞ ብዙ አየ።

«እዚህ ነበር እንዴ?»

«እዚህ ነው እንጂ! የት ሊሄድ ኖሯል፣ እግር አለው?»

ሳቀ። በሳቁም ሐፍረት ተሰማት፤ ግን ከሐፍረቱ ይልቅ ዕረፍቱ በለጠባት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ይዛ ትወስደዋለች፤ ከፍቶ ያያል፤ «አለ» ይላል፤ ይመለሳሉ። ጉስ ብቻ ጉቶው ጋ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ቆሞ ወደ ደረጃው ያያል።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። በጥቅምት መጨረሻ ኢርማን ጥርሷን አመማትና ወደ ጎረቤት ከተማ መሄድ ግድ ሆነባት። ሾርባ ሠርታ ምድጃውን አጠፋች፣ ኦርቪልን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ጉስን እግሩ ሥር አስተኛች።

«ለምሳ እደርሳለሁ። ከቤት እንዳትወጣ።»

«ሳጥኑን አይቼ ልመጣ ነበር እኮ።»

«ነገ አብረን እንሄዳለን፣ የኔ ጌታ። ዛሬ ለጥርሴ ስትል ማረኝ።»

ሐኪሙ ዘገየ፤ መንገዱ ዘገየ፤ ስትመለስ ከምሳ ብዙ አልፎ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው። ሾርባው አልተነካም። ጉስ ማሞቂያው አጠገብ ተጋድሟል፤ ፀጉሩ ገና እርጥብ ነው፤ የወጥ ቤቱ ወለል አሸዋ በአሸዋ ሆኗል። ስሙን እየጠራች ክፍሉን ሁሉ ዞረች። ከዚያ ወደ አጥሩ ሮጠች። ጎረቤቷ ክላይድ ቅጠል እየጠረገ ነበር።

«ክላይድ! ኦርቪልን አይተኸዋል?»

«አየሁት እንጂ። ጠዋት ከውሻው ጋር ወጣ። እኩለ ቀን ገደማ ተመልሶ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቦርሳውን አዝሎ ብቻውን ወጣ። ወዴት ነው ብለው እጁን አውለበለበልኝ። ደኅና ነበር፣ ኢርማ። እንዲያውም ይቸኩል ነበር።»

ተመልሶ መምጣቱን ስትሰማ ኢርማ ትንሽ ተነፈሰች። እስከ እኩለ ቀን ደኅና ከነበረ ሩቅ አልሄደም ማለት ነው። ሳጥኑን ሊያይ ሄዷል፤ ሳጥኑ ያለው ደግሞ ጉቶው ጋ ነው፤ እዚያ ጫካው ውስጥ ይንከራተታል፤ ታገኘዋለች። ጉስን አሠረችና መኪናዋን አስነሣች። በመንገድ ላይ ለዳርላ ደወለች።

ዳርላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ድምፅዋ ያለ ማጉያ መንደር የሚያዳርስ ሴት ናት። የአካባቢውን ሳጥን ፈላጊዎች የምትሰበስበው እሷ ናት። ኢርማ ፓርኩ ስትደርስ ዳርላ ቀድማት፣ የፓርኩን ጠባቂ ዌስሊንም ከቢሮው ጎትታ አውጥታ ነበር። ዌስሊ ወጣት ነው፤ ሬዲዮኑን እንደያዘ ሰማዩን አየ፣ ባሕሩን አየ።

«ወይዘሮ ሃልቮርሰን፣ ባሕሩ እየሞላ ነው፤ ብርሃኑም ብዙ አይቆይልንም። ያሉኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ባልደረቦቼ ከከተማ እስኪደርሱ አንድ ወገን ብቻ ነው መላክ የምችለው። እርስዎ ባልዎን ያውቁታል። ጫካው ነው ወይስ ታች ዳርቻው?»

«ጫካው» አለች ኢርማ።

ዳርላ ክንዷን ያዘች። «ወደ ድሮው ቦታ ወርዶ ቢሆንስ? ወደ መንጋጋ?»

«አልወረደም።»

«በምን አወቅሽ?»

«በየሳምንቱ ወደ ጉቶው የማመጣው እኔ አይደለሁም እንዴ? የድሮውን ረስቶታል፣ ዳርላ! ትናንት ማታ የበላውን የማያውቅ ሰው!»

«የቅርቡን እኮ ነው የሚረሱት። እናቴ የኔን ስም ረስታ የልጅነት ላሟን ስም ስትጠራ ነው የሞተችው።»

«ያንቺ እናት ያንቺ እናት ናት። ኦርቪልን የማውቀው እኔ ነኝ። ጫካው ነው አልኩ።»

ዌስሊ ሰዎቹን ወደ ጫካው ላከ። የባለቤቲቱን ቃል ትቶ የማንን ይስማ?

ጉስ ግን በዚህ አልተስማማም። ከመኪናው ከወረደ ጀምሮ ወደ ደረጃው ይጎትታል። የኋላ እግሩ የሚያነክስ አሮጌ ውሻ ነው፤ ያን ቀን ግን ኢርማን ሊጥላት ደረሰ። እየተሳደበች ሳበችው። አንገቱ እስኪታነቅ ተሳበ፤ ሳል ያዘው፤ እንደገና ወደ ደረጃው ዞረ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ እሱም ወደዚያው ዞሮ ጮኸ። «ዝም በል! አሁን የሽርሽር ሰዓት ነው?» አለችና ገመዱን እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ወደ ጫካው አስገባችው።

በየዛፉ መካከል «ኦርቪል! ኦርቪል!» ይባላል። የዳርላ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ኢርማ በቀጥታ ወደ ጉቶው ሄደች። እዚያ ቁጭ ብሎ፣ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «ዘገየሽ» እንደሚላት እርግጠኛ ነበረች።

ጉቶው ጋ ማንም የለም። ሳጥኑን የሸፈነው ቅጠል ባለፈው ቅዳሜ እሷ ራሷ እንደጎዘጎዘችው ነው፤ በላዩ ሸረሪት አድርቶበታል። ማንም አልነካውም። ጎንበስ ብላ ቆየች። ጉስ አጠገቧ እያለከለከ የፊት እግሩን አነሣላት። በጣቶቹ መካከል የተጣበቀውን አሸዋ ያን ጊዜ አየችው። ጥቁር ነው። የሄሮን ፖይንት ዳርቻ ከዳር እስከ ዳር ነጣ ያለ ቡኒ ነው፤ ጥቁር ጠጠር አሸዋ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የመንጋጋ ጀርባ። ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ረግጣው ያለፈችው አሸዋም ጥቁር ነበር።

ገመዱን ለቀቀችው።

ጉስ በሦስት እግሩ እየዘለለ ጠፋ። ኢርማ እየጮኸች ተከተለችው፤ ዌስሊ ጩኸቷን ሰምቶ ከኋላዋ መጣ። ደረጃው ጫፍ ስትደርስ ባሕሩን አየች። አሸዋው የለም። መንጋጋ በወገቡ ውሃ ታጥቆ ቆሟል፤ ማዕበሉ በጀርባው እየመታ አናቱ ላይ ነጭ ይረጫል። ጉስ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ ድንጋዩ ይጮኻል፤ ማዕበሉ መልሶ ይጥለዋል፤ ተነሥቶ ይጮኻል። ኢርማም ልትገባ ነበር፤ ዌስሊ ከወገቧ ያዛት። ፊቱን ቧጨረችው። አልለቀቃትም።

«ልቀቀኝ! እዚያ ነው! ጀርባው ላይ ነው!»

«ጀልባ ጠርቻለሁ፣ ወይዘሮ ሃልቮርሰን። እባክዎን። እባክዎን።»

ጀልባው ሲመጣ ቀኑ እየደነገዘ ነበር። ድንጋዩን ዞረው ዞረው መብራት አበሩበት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ማዕበል እንጂ ሰው አልነበረም። ኦርቪልን ባሕሩ የመለሰው ከቀናት በኋላ ነው፤ ከፓርኩ በስተሰሜን፣ ሰው የማይዋኝበት ዳርቻ ላይ።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ክላይድ በፎይል የተሸፈነ መኮሮኒ ይዞ መጣ፤ ፈላጊዎቹ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ጭቃ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ገቡ። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ። «አንቺ ያልሆንሽለት ነገር የለም፣ ኢርማ። ሳጥኑን እንኳ ለእሱ ብለሽ ወደ ላይ አመጣሽለት። ከዚህ በላይ ሚስት ምን ታደርጋለች? በሽታው ነው የወሰደው።» ጫካው ነው ማለቷን ዳርላ አላነሣችባትም፤ ኢርማ ግን ሌሊት ሌሊት ለራሷ ታነሣዋለች። ጠዋት ሲሆን የሰዎቹን ቃል ትይዛለች። በሽታው ነው፤ እግሩ ዝም ብሎ ወሰደው፤ እኔማ ከመንጋጋ ላድነው የቻልኩትን አድርጌያለሁ። በዚህች ቃል ተደግፋ ትነሣ ነበር።

አንድ ቀን ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ልብስ ልትፈልግ ጋራዡ ገባች። ኦርቪል በመደርደሪያው ላይ ቀለም የተቀቡ ትርፍ ሳጥኖች ነበሩት፤ ከታመመ ወዲህ ማንም አልነካቸውም፤ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ አለ። የሳጥን ቅርጽ ያለው፣ አቧራ ያላረፈበት ንጹሕ ቦታ። ፒንሳው ከምስማሩ ላይ የለም። የሽቦው ጥቅል ተፈቶ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የጉስ ብስኩት ከረጢትም አፉ ተከፍቷል።

ቦርሳውን አዝሎ ወጣ፣ ብሏት ነበር ክላይድ። እንዲያውም ይቸኩል ነበር።

ወደ ቤት ገባችና ለዳርላ ደወለች። «ባሕሩ ነገ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሸሸው?»

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶችና ውሻው ወረዱ። አሸዋው ደርቆ ተዘርግቷል፤ ያ ድንጋይ ምንም እንዳላደረገ ቆሟል። ወደ ጀርባው ዞሩ። ጉስ ጉድጓዱ ሥር ደረሰና ማንም ሳያዘው ቁጭ አለ።

ሳጥኑ እዚያ ነበር። አዲስ፣ አረንጓዴ፣ በሽቦ የታሰረ። ጥምዙ የኦርቪል ጥምዝ ነው፤ አንድም ዙር አልተሳሳተም። ያን ያህል ማዕበል ሲመታው ሰንብቶ አልተነቃነቀም። ኢርማ ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ ጠብታ ውሃ አልገባበትም። ማንም ያልፈረመበት ደብተር፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ለመለዋወጫ የምትሆን ትንሽ የፕላስቲክ ሸርጣን፣ ብስኩት የሞላባት ብልቃጥ።

«ወደ ቤት ተመልሶ ነበር፣ ዳርላ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ ወረደ። ሳጥኑን አጣው። በሰላም ወደ ቤት ተመለሰ። ውሻው ስለደከመው ማሞቂያው ጋ አስተኝቶት፣ ሾርባዬን እንኳ ሳይቀምስ፣ ሌላ ሳጥን ይዞ ወጣ። ሊተካ። እሱን ሲያስር ነው ባሕሩ የሞላበት።»

ዳርላ ጥምዙን በጣቷ ነካች። እሷም ደባቂ ነች፤ የጠፋን ሳጥን ሳይተኩ ማደር ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ቢያገኘው ኖሮ ‹አለ› ብሎ ይመጣ ነበር» አለች ኢርማ። «ለውሻው ብስኩቱን ሰጥቶ፣ ‹አለ፣ በቦታው ነው› ብሎ ይመጣ ነበር። ሾርባውን ይበላ ነበር።»

«ኢርማ፣ አንቺ እኮ ለእሱ ብለሽ…»

«ዝም በይ። እባክሽ፣ ይህችን አንድ ነገር አትበይኝ።»

ብልቃጧን ከፍታ ለጉስ አንድ ብስኩት ዘረጋችለት። ጉስ በቀስታ ተቀበላት፣ በላ፣ አፉን ላሰ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ለመመለስ ኦርቪልን ፈልጎ በድንጋዩ ጥግ ተመለከተ። ኢርማ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ በቀብሩ ያላለቀሰችውን ጨምራ።

ውሃው ከሩቅ መመለስ ጀምሮ ነበር። ዳርላ ዓይኗን ከባሕሩ ሳትነቅል፣ ለስለስ አድርጋ ጠየቀቻት፦ «ምን እናድርገው? እዚህ ከተተወ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራል። ፒንሳ ይዣለሁ። ወደ ላይ እንውሰደው?»

«ኢንተርኔቱ ላይ ያለው የጉቶው ቁጥር ነው፤ እሱንም አጠፋዋለሁ፤ ማንም አይመጣም። ሳጥኑን ግን አልነካም። አንድ ጊዜ አንሥቼዋለሁ።»

ክዳኑን ገጠመች። ጉስ ከጉድጓዱ ሥር አልነሣም አለ። ዳርላ ገመዱን ልትስብ እጇን ብትዘረጋ ኢርማ ያዘቻት። ውሃው ጥቁሩን አሸዋ እየነካ ሲመለስ፣ ሁለቱ ሴቶች ውሻው በራሱ ፈቃድ እስኪነሣ ድረስ ቆመው ጠበቁት።